የዋሽንግተኑ የዝሆኖች መኖሪያ በአንዲት የእንስሳት ሐኪም ዓይን

በዋሽንግተን የሚገኘውን የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ መካነ አራዊት ለመጎብኘት የሚያስቡ ወዳጆቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «ዝሆኖቹ በደንብ ይታያሉ ወይ?» ብለው ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አዎን ነው። እኔ ግን ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ፣ ለዓመታት የፈረስና የአህያ ሰኮና ሳክም የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ወደ ማንኛውም የዝሆን መኖሪያ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በኩምቢው ላይ ሳይሆን እንስሳው በቆመበት ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ግምገማዬን የምጀምረው ከወለሉ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዝሆን እግር ከውጭ ሲያዩት እንደ ዛፍ ግንድ ደንዳና ይመስላል፤ አሠራሩ ግን በጣም ረቂቅ ነው። ከጣቶቹ አጥንቶች በስተኋላ በስብና በጅማት የተሠራ ወፍራም ትራስ አለ፤ ከሦስት ቶን በላይ ሊመዝን የሚችለው አካል በየእርምጃው የሚያርፈው በዚሁ ትራስ ላይ ነው። በዱር የሚኖር ዝሆን በአሸዋ፣ በጭቃ፣ በድንጋይና በሣር ላይ በየቀኑ ብዙ ስለሚጓዝ ውስጥ እግሩና ጥፍሩ በራሱ ጊዜ እየተፋቀ ይስተካከላል። ሲሚንቶ ላይ ውሎ የሚያድር ዝሆን ግን ጥፍሩ ይሰነጠቃል፣ ውስጥ እግሩ ያለ ልክ ይወፍራል፣ በስንጥቁ የገባው ቆሻሻ መግል ይቋጥራል፤ መግሉ ሥር ሰዶ አጥንት ከነካ ደግሞ ሕክምናው ወራት የሚፈጅና ብዙ ጊዜም የማይሳካ ይሆናል። በሰው እጅ የሚኖሩ አረጋውያን ዝሆኖች ከሥቃይ እንዲያርፉ በሐኪም ውሳኔ ሕይወታቸው እንዲያልፍ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የእግርና የመገጣጠሚያ ሕመሞች ይገኙበታል። በሰሜን አሜሪካ 68 መካነ አራዊት የሚኖሩ 255 ዝሆኖችን አካትቶ ውጤቱ በ2016 በተከታታይ ጽሑፎች የታተመው ሰፊ ጥናትም ዝሆኖች እንደ ሲሚንቶ ባለ ጠንካራ ወለል ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በረዘመ መጠን የእግርና የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው በሌላ አገር መካነ አራዊት፣ አንዲት ዝሆን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ፣ የፊት ግራ እግሯን ከመሬት አንሥታ ሳታወርድ ራሷን ከወዲያ ወዲህ ስትወዘውዝ አይቼ ነበር። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች «እየጨፈረች ነው» አሉ። የታመመ እግሯን እያሳረፈች እንደነበር ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም። ያቺን ዝሆን እስካሁን አልረሳኋትም፤ ለወለል የምሰጠው ቦታም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነው።

በዋሽንግተን ያየሁት ከዚህ እጅግ የተለየ ነው። «ኤለፈንት ትሬይልስ» ተብሎ የሚጠራው የዝሆኖች መኖሪያ የመጀመሪያ ክፍሉ በ2010 የተከፈተ ሲሆን፣ ዝሆኖቹ ጣሪያ ሥር ሆነው በአንድነት የሚውሉበት ሰፊ አዳራሽ ደግሞ በ2013 ተጠናቋል። የአዳራሹ ወለል አሸዋ ነው። ይህ ለጎብኚ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለሐኪም ግን ከሕንፃው ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው። ዝሆን በአሸዋ ላይ ሲቆም ክብደቱ ለእግሩ ዙሪያ ይከፋፈላል፤ ሲተኛ ደግሞ ጎኑን የሚደግፍለት ክምር ራሱ ያበጃል፣ ለመነሣትም አይቸገርም። ከላይ የጠቀስኩት ጥናት እንዳመለከተው የእስያ ዝሆኖች በአማካይ በቀን 3.2 ሰዓት ያህል፣ የአፍሪካዎቹ ደግሞ 2.1 ሰዓት ያህል ይጋደማሉ፤ ለስላሳ ወለል ያገኙት የበለጠ ይተኛሉ። መገጣጠሚያዋ የሚያማት አሮጊት ዝሆን መነሣት እንዳያቅታት ስለምትፈራ ከነጭራሹ መተኛት ልትተው ትችላለች፤ ስለዚህ አሸዋው ለእርሷ መድኃኒት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መኖሪያው ለዝሆኖች የእግር ጉዞ የተሠራ አቀበት ያለው መንገድም አለው። የዚህ ጥቅሙ ከክብደት ጋር ይያያዛል። በዚያው ጥናት ውስጥ የሰውነት አቋማቸው ከተመዘነ 240 ዝሆኖች 74 በመቶዎቹ ከልክ በላይ ወፍራም ሆነው ተገኝተዋል፤ በሳምንት 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ጠባቂዎች እየመሩ የሚያንቀሳቅሷቸውና የምግብ ሰዓታቸው የማይገመት ሆኖ የተዘጋጀላቸው ዝሆኖች ግን ለውፍረት የመጋለጥ ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ድርቆሹ ከፍ ባለ ቦታ ተሰቅሎ ዝሆኗ ኩምቢዋን አንጠራርታ እየመዘዘች ስትበላ ያየ ሰው «ለምን ያደክሟታል?» እንዳይል ምክንያቱ ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ቆም ብዬ ልናገርበት የምፈልገው ጎብኚው የማያየውን ሥራ ነው። በዚህ መካነ አራዊት በታኅሣሥ 1993 ኩማሪ የተባለች የእስያ ዝሆን ግልገል ተወለደች፤ እናቷ ከስሪላንካ የመጣችው ሻንቲ ነበረች። ኩማሪ በሚያዝያ 1995፣ ገና በ16 ወሯ፣ ታመመች በተባለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተች። በሬሳ ምርመራው የልቧና የሌሎች የውስጥ አካላቷ የደም ሥሮች ደም አፍስሰው ተገኙ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ሳያውቁ መዝገቡን መዝጋት አልፈለጉም፤ ከኩማሪ ሕመም ተነሥቶ በሎራ ሪችማንና በባልደረቦቿ የተካሄደው ምርምር በ1999 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲታተም፣ ገዳዩ እስከዚያ ድረስ በውል ያልታወቀ፣ የዝሆኖች የራሳቸው የሆነ የኸርፒስ ቫይረስ መሆኑ ተገለጠ። ቫይረሱ በጤነኛ አዋቂ ዝሆኖች ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ተዳክሞ የራሱ ገና ያልጠነከረ ግልገል ላይ ሲነሣ ግን የደም ሥሮችን ውስጠኛ ሽፋን ያጠቃል፤ ምላሱ ወደ ሐምራዊነት መለወጡና ፊቱ ማበጡ በዓይን እስኪታይ ድረስ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። በሰው እጅ በሚኖሩ ወጣት የእስያ ዝሆኖች ላይ ከየትኛውም ሕመም ይልቅ የሚፈራው ይኸው ነው፤ በዱር ያሉትም አላመለጡም።

ከኩማሪ ሞት በኋላ እዚሁ መካነ አራዊት ውስጥ የዝሆን ኸርፒስ ቫይረስን ብቻ የሚመረምር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተቋቁሟል፤ ከሌሎች መካነ አራዊት የሚላክ የደም ናሙናም ይመረመርበታል። አሠራሩን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ከግልገሉ በየጊዜው ደም ይወሰዳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ከፍ ማለት ከጀመረ የሕመም ምልክት ሳይጠበቅ ፋምሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ከጤነኛ ዝሆን የተወሰደ ፕላዝማም (የደም ፈሳሹ ክፍል) ይሰጠዋል። በቤይለር የሕክምና ኮሌጅና በሂውስተን መካነ አራዊት ትብብር ለዚሁ ቫይረስ መከላከያ የተዘጋጀው የኤም አር ኤን ኤ ክትባት ደግሞ በሰኔ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስ ለተባለች የ40 ዓመት ዝሆን ተሰጥቷል። እኔ በበኩሌ ለአንድ መካነ አራዊት የምሰጠው ከፍተኛ ምስጋና ይህን መሰል ሥራ ሲሠራ ነው፤ የአንዲት ግልገል ሞት በሕንድና በስሪላንካ ጫካ ላሉት ሳይቀር የሚጠቅም ዕውቀት አስገኝቷልና።

የሆርሞን ምርምሩም እንዲሁ የሚጠቀስ ነው፤ በተለይ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ ሲያዳቅል ለኖረ ባለሙያ። ላም በየ21 ቀኑ ድራት ላይ ትሆናለች፣ ማለትም ኮርማ ትፈልጋለች፤ የዝሆን ዑደት ግን ወደ አራት ወር ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገው ሆርሞን በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል። እንቁላል የሚለቀቀው በሁለተኛው ብቻ ነው። ይህን ያልተለመደ አሠራር ለማወቅና ለማዳቀል ሥራ ለማዋል በስሚዝሶኒያን የጃኒን ብራውን ላቦራቶሪ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ የኩማሪ ወንድም ካንዱላም በኅዳር 2001 በሰው ሠራሽ ዘዴ ተወልዷል።

የጎደለውንም መናገር አለብኝ። በ2008 በዚያው «ሳይንስ» መጽሔት የወጣ ጥናት በአውሮፓ መካነ አራዊት የተወለዱ የአፍሪካ ሴት ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ 16.9 ዓመት፣ በኬንያ አምቦሴሊ ብሔራዊ ፓርክ በተፈጥሮ ሞት የሞቱት ግን 56 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ ዋሽንግተንን አይመለከትም፤ ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀመ የአውሮፓ መረጃ ነው። ነገር ግን ዝሆን ማኖር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። የዲትሮይት መካነ አራዊት ይህን አምኖ ዊንኪና ዋንዳ የተባሉትን ሁለት አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ያለባቸው ዝሆኖቹን በ2005 ካሊፎርኒያ ወደሚገኝ ሰፊ መጠለያ ልኳል፤ ውሳኔው ዛሬም አክብሮቴን ያገኛል። የዋሽንግተኑ መኖሪያም በከተማ መካከል ያለ ነው፤ አሸዋውና የእግር መንገዱ ምንም ያህል ቢያማምሩ የጫካን ስፋት አይተኩም። ከ1961 ጀምሮ እዚያ የኖረችው አምቢካ በ72 ዓመቷ ገደማ፣ ሻንቲም በ45 ዓመቷ፣ ሁለቱም በ2020 በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት በሐኪም ውሳኔ ዐርፈዋል። አዲሱ ወለል ሲመጣ ሁለቱም ብዙ ዓመታት ተቆጥረውባቸው ነበር። እኔ የምጠብቀው በ2022 ከሮተርዳም የመጡትን እናትና ልጅ፣ ትሮንግ ኒንና ኒ ሊንን ነው፤ እነርሱ አርጅተው እግራቸው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ተሳክቷል እላለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ መግቢያው ነጻ ነው፤ ፈቃዱን ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ይሻላል። የመኪና ማቆሚያው ስለሚያስከፍል በቀዩ መስመር ባቡር ሄዳችሁ ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ብትወርዱ አቀበቱ ይቀልላችኋል። በእነዚህ ዝሆኖች ውስጥ የባቢሌዎቹን አትፈልጉ፤ እነዚህ የእስያ ናቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ። ጠዋት ሂዱ፤ ጠባቂዎቹ ከፍርግርጉ ወዲህ ማዶ ሆነው ከዝሆኖቹ ጋር ሲሠሩ የማየት ዕድል ይኖራችኋል። እኔ በሄድኩበት ዕለት ጠባቂዋ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ ዝሆኗም ማንም ሳይጎትታት የኋላ እግሯን አንሥታ በክፍተቱ በኩል ዘረጋች፣ ጠባቂዋ ጥፍሯን በሞረድ እያስተካከለች ውስጥ እግሯን እስክትመረምር ድረስም ፖም እየበላች ቆየች። አጠገቤ የነበረች ሕፃን «እማዬ፣ ጥፍሯን እየቆረጡላት ነው!» ብላ ጮኸች። ትክክል ነበረች።