የመስኮት ብርሃን ወይስ የድሮው ሆሊውድ? ቡዷር ፎቶ ከመነሳትሽ በፊት

ቡዷር ማለት ሴት በመኝታ ቤት ድባብ፣ ለራሷ ወይም ለባሏ ብላ የምትነሳው ፎቶ ነው። በክላሲኩ ስልት የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች ገላ ለማሳየት አይቸኩሉም፤ ሥራቸው ብርሃንና ጥላ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት የትኛውን ብርሃን እንደምትፈልጊ ወስኚ።

የመስኮቱን እንይ። ፎቶ አንሺው ሰፊ መስኮት አጠገብ ያስቀምጥሻል፣ ስስ መጋረጃ ይጋርዳል፣ በጥላው በኩል ነጭ ሰሌዳ ያቆማል። ብርሃኑ ከጉንጭሽ ወደ አንገትሽ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። እንደ ልብሽ መንቀሳቀስ ትችያለሽ፤ ካሜራ ሲያዩ ለሚደነግጡ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጠላ የሚያምረውም እዚህ ነው። ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽው ብርሃን ከኋላ ሲመታው ሽመናው ክር በክር ይታያል፤ ክንድሽ ከሥሩ በጥላ ብቻ ይለያል። ችግሩ አየሩ ነው፤ በክረምት ቀጠሮ ሊዛወር ይችላል።

የሆሊውዱ ስልት ሌላ ዓለም ነው። ስልቱን ያስታወቀው ፎቶ አንሺ ጆርጅ ሃረል በ1929 (እ.ኤ.አ.) ተዋናይት ኖርማ ሺረርን አነሳ፣ በዓመቱ ኤም ጂ ኤም የተባለው የፊልም ስቱዲዮ ቀጠረው። ከረጅም ክንድ ላይ ያንጠለጠለው መብራት ፀጉርን ያበራል፣ የጉንጭ አጥንትን ያወጣል። ሳቲን የሚያምረው በዚህ ብርሃን ነው፤ እያንዳንዱ እጥፋት ያበራል። ነጠላ ግን ድፍን ነጭ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። አገጭሽን ትንሽ ብታዞሪ የአፍንጫሽ ጥላ ቦታውን ይስታል፤ ስለዚህ ሳትነቃነቂ መቆየት አለ። ጠንካራ ብርሃን የቆዳን እያንዳንዱን ነገር ስለሚያወጣ ብዙ ሪተች፣ ማለትም ከተነሳ በኋላ ፎቶውን ማስተካከል፣ ይጠይቃል። በሃረል ዘመን የፊልሙ ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ ይሠሩት ነበር። ሜካፑ፣ ፀጉሩና ሪተቹ ሲደመር ሒሳቡ ከፍ ይላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነሺ ከሆነ እኔ መስኮቱን እመርጥልሻለሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ድንቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከፈለግሽ ግን ወደ ሃረል ስልት ሂጂ።

በየትኛውም ስልት የማልደራደርበት የቆዳ ቀለም ነው። አንዳንዱ ጠይሟን ሴት «ላሳምራት» ብሎ ያነጣታል። ያሳዝነኛል። የጠይም ቆዳ ውበት የሚወጣው ግንባር፣ ጉንጭና ትከሻ ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው፤ ፎቶው ሲነጣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ያንቺ ዓይነት መልክ ያላትን ሴት ያነሳበትን ሙሉ አልበም አሳየኝ በይው። ኢንስታግራም ላይ የተመረጡ ሁለት ሦስት ፎቶዎች አይበቁም።

ውሉንም በደንብ አንብቢ። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አሜሪካ ከሆንሽ ደግሞ በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር የቅጂ መብቱ ብዙውን ጊዜ የፎቶ አንሺው ነው። ስለዚህ የትም እንደማይለጠፍ፣ ፋይሉ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚሰረዝ በጽሑፍ ይግባ። ስትነሺ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠይቂ። ጓደኛሽን ይዘሽ መምጣት «አይቻልም» ካለሽ ሌላ ፎቶ አንሺ ፈልጊ።