እናቴን እንደ ራሷ እናት ለሸኘችልን የፒያሳዋ ልጅ

እናቴ ከለንደን በሰላም ተመልሳ ቤቷ ገብታለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ደግሞ ሰው ላመስግን።

እህቴ ለንደን ወለደች። እናቴም አራስ ልጄን ሳላይ ገናን አልውልም አለች። ለቪዛው አሻራ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ፣ ወረቀት ማሟላቱ፣ መጠበቁ ብቻውን አድክሞን ነበር። ትኬት ልንቆርጥ ስንል እህቴ ደወለች። «የለንደኑን ሂትሮውን ጨምሮ 6 የእንግሊዝ አገር አየር ማረፊያዎች ላይ ፓስፖርት የሚያዩት ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ነው፤ ሰልፉ የት እንደሚደርስ አይታወቅም» አለችን። ታኅሣሥ 2015 መሆኑ ነው።

ሠራተኞቹ ኑሮ ተወዶባቸው የ10 በመቶ ጭማሪ ጠይቀው ነው። አልፈርድባቸውም፤ የኑሮ ውድነትን እኛም እናውቀዋለን። ግን እናቴን ጉልበቷን ያማታል። እንግሊዝኛ አትችልም። ፓስፖርት አንብቦ በሩን የሚከፍት ማሽን አለ ቢባልም የእኛን ፓስፖርት አይቀበልም። የግድ ተሰልፎ ሰው ፊት መቅረብ ነው።

መጀመሪያ ቀብድ የከፈልንበትን የትኬት ቢሮ ስም አልጠራም። የያዙላት ቀን ታኅሣሥ 14 ነበር፤ አድማው የሚጀመርበት ቀን። ይህን ስነግረው ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «እሱ የእንግሊዞች ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሥራ ማሳፈር ነው» አለኝ። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ቆማለች። «ይቀመጡ» ያላት የለም። ቀብዳችንን ለማስመለስ ያየነውን ፍዳ ተዉት። ገንዘብ ሲቀበሉ የነበረው ፈገግታ ጥያቄ ሲመጣ የት እንደሚገባ አላውቅም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጎረቤታችን ናት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ትኬት ቢሮ ወዳላት ልጅ የላከችን። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ሲገባ ትሞላለች። እናቴን እንዳየች ተነስታ የራሷን ወንበር ሰጠቻት። ከዚያ ቆማ ኮምፒውተሩን መነካካት ጀመረች። ምን ምን እንዳየች እኔ አልገባኝም። ያለችን ግን ይህ ነው፦ «አድማው ከ14 እስከ 17 ነው፤ ከዚያ ከ19 እስከ 22 ይቀጥላል። 18 መሀል ላይ ነፃ ናት። እማማ 18 ጠዋት ይግቡ።» በቃ! ስንት ቀን ያስጨነቀንን ነገር እንዲህ ፈታችው።

በዚህ አላበቃችም። ጾመ ነቢያት መሆኑን አስባ የጾም ምግብ አዘዘችላት። ዊልቸርም አስያዘችላት፤ ለዚያ እንደማይከፈል እንኳን ከእሷ በፊት የነገረን አልነበረም።

እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ቀጥሎ ያደረገችውን ነው። ወረቀት አወጣችና በወፍራም እስክሪብቶ፣ ከላይ በእንግሊዝኛ ከሥር በአማርኛ፣ እናቴ ለምን እንደመጣች፣ የት እንደምታርፍ፣ መቼ እንደምትመለስ ጻፈች። የእህቴን ስልክም ጨመረችበት። ወረቀቱን አጥፋ ፓስፖርቱ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆማ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ኦፊሰር ሆነች። «እማማ፣ ማን ጋ ነው የመጡት?» እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ልጄ ጋ ነዋ፤ ወልዳልኝ!» አለች። «እንዲህ ሲጠይቁዎት አይደንግጡ፤ ዝም ብለው ወረቀቷን ይስጡ» አለቻት። ደጋግማ አለማመደቻት። ውጭ የሚጠብቁትን ደንበኞች «ይቅርታ፣ ትንሽ ታገሱኝ» እያለች ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው። ለዚህ አንድም ብር አልጠየቀችንም። በፍርሃት እንቅልፍ አጥታ የከረመችው እናቴ ያን ዕለት ማታ ጥሩ ተኛች።

ታኅሣሥ 18 እህቴ ደወለች። «ወጥታለች! ወረቀቱን አይተው ወዲያው አሳለፏት!» በኋላ እንደሰማነው፣ በአድማው ቀናት ወታደሮች ገብተው ፓስፖርት ስላዩ ሰልፉ የተፈራውን ያህል አልሆነም። ይሁን። አስቀድሞ ማን ያውቅ ነበር? የታመመ ጉልበት ይዞ ዕድሉን የሚሞክር የለም። ልጅቷ የእኛን ጭንቀት ጭንቀቷ አደረገችው፤ እኔን የነካኝ ይህ ነው።

እናቴ ስትመለስ ከአዘዞ አየር ማረፊያ ተቀብለናት ወደ ቤት ስንነዳ «መጀመሪያ ልጅቷ ጋ» አለች። የሕፃኗን ፎቶ አሳየቻት። «ልጄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ብላ ስትመርቃት ልጅቷ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

ወገኖቼ፣ እናት አባታችሁን ወደ ውጭ የምትልኩ ሁሉ እሷ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ! ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ ግን ቀደም በሉ፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ከጎንደር የሚነሳ ትኬት እሷም ጋ አይገኝም።