ሐዋሳ ፒያሳ ላለችው ትኬት ቆራጭ፦ ምስጋናዬ ይድረስሽ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። የማርሻል አርት ዕቃ ይዞ ውጭ የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ የትኬት ቢሮ አለች። እዚያ የምትሠራው ልጅ ትባረክ። ደግሜ እላለሁ፣ ትባረክ።

ልጄ ራስን የመከላከል ስፖርት አሰልጣኝ ነው። በቅርቡ ለንደን ውስጥ ለአሰልጣኞች በሚሰጥ ኮርስ ላይ ተጋበዘ። መለማመጃ ቢላዎቹን ይዞ መሄድ ፈለገ። ዱልዱም ናቸው። የአሉሚኒየም አሉ፣ የጎማም አሉ። ሽንኩርት እንኳ አይቆርጡም። ግን ከሩቅ ላየው ሰው ቢላዋ ናቸው። እናት ደግሞ ልጇ ሰው አገር "ቢላዋ ይዞ ተገኘ" ሲባል ነው የሚታያት።

መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ ያለው ሰውዬ ዕቃውን ሳያይ "ስለት የለውም አይደል? በእጅ ሻንጣ ይያዘው" ብሎ ሸኘን። ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። ሌላ ቦታ ስንሄድ ደግሞ "ይታሰራል" አሉኝ። ለምን? በየትኛው ሕግ? መልስ የለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ከሁሉም የባሰው ግን "ኤርፖርት ሰው አለኝ፤ ትንሽ ነገር ካደረጋችሁ አሳልፈዋለሁ" ያለው ነው። በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ሲደክም ለከረመ ልጅ እንዲህ ይባላል? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይቺ ልጅ ግን "እትዬ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ" አለችኝ። ልጄን "እስቲ አውጣቸው፣ ልያቸው" አለችው። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀች። "በየት አገር በኩል ነው የምታልፈው? ሻንጣህን መሀል ላይ ትቀበላለህ?"

ለካ አውሮፕላን ላይ መጫን አንድ ጉዳይ ነው። አገር ማስገባት ሌላ ነው። ከገቡ በኋላ መንገድ ላይ ይዞ መሄድ ደግሞ ሌላ። አንዱ ተፈቀደ ማለት ሌላው ተፈቀደ ማለት አይደለም። የጎማውም ቢሆን በእጅ ሻንጣ እንዳይሞከር፣ ሁሉም ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ እንዲገባ ነገረችን። መሀል ላይ ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና የሚያስገባ ሰው የዚያ አገር ሕግም ይመለከተዋል። ስለዚህ ከቦሌ በቀጥታ ለንደን የሚያደርሰውን በረራ መረጠችለት።

ስለ እንግሊዝ የነገረችንን ልጄ በማስታወሻው ይዞታል። የአንቀጹ ቁጥር እኔ አይገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ እዚያ "ስለት የለውም" ብሎ ነገር አያድንም። በፈረንጆቹ 2005 የአገሩ ፍርድ ቤት የቅቤ መቀቢያ ቢላዋ እንኳ በአደባባይ ሲያዝ በስለት ሕጉ ውስጥ ይገባል ብሎ ወስኗል። ይሄን ስሰማ ልቤ ከዳኝ። እሷ ግን ቶሎ አረጋጋችኝ። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ሕጉ ይሰማዋል፤ ምክንያቱን ማስረዳት ያለበት ግን ያዡ ራሱ ነው። ስለዚህ ከማረፊያው ወደ ስልጠና፣ ከስልጠና ወደ ማረፊያው፣ ከቦርሳ ሳይወጣ። ከተማ ይዞ መዞር የለም።

ከዕቃዎቹ አንዱ እጀታው ለሁለት ተከፍሎ የሚገለባበጥ ነበር፤ ቢራቢሮ ይሉታል። እሱም ዱልዱም ነው። ልጅቷ ለብቻው ገለል አድርጋ "ይሄ እናትህ ጋ ይቅር" አለችው። ስለት ያለው ቢራቢሮ እንግሊዝ ውስጥ ከፈረንጆቹ 1988 ጀምሮ መሸጡም ማስገባቱም ክልክል ነው። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ቤት ማስቀመጥም ወንጀል ሆኗል። ዱልዱሙ የተለየ መሆኑን ጉምሩክ ፊት ቆሞ ማስረዳት የራሱ ጣጣ አለው።

ልጄ ፊቱ ጠቆረ። ያን ቢራቢሮ የሰጠው የመጀመሪያ ማስተሩ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ የወር ክፍያ የምንከፍለው አልነበረንም። ማስተሩ ግን ልጄን አንድም ቀን ከጂሙ አልመለሰውም። "ስልጠናውን እንዳያቋርጥ ብቻ" ይለኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ሥራ አለብኝ ሳትል ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ "የማስተርህ ማስታወሻ ከሆነማ ማንም እንዲወስድብህ አታድርግ" አለችው። ልጄ ያኔ ነው እሺ ያለው። እኔ ስለምነው አልሰማኝም ነበር!

የመዝጊያ ሰዓት አልፎ እንኳ አልተነሳችም። አየር መንገዱ ጋ ደወለች። ከጂሙ የሚጻፈውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አረቀቀችለት። የዕቃዎቹን ዝርዝር አዘጋጀች። ከጋበዙት ሰዎችም ደብዳቤ እንዲያስልክ አደረገች። ፈታሹ እንዳይቸገር ጥቅሉ ከልብሱ በላይ ይሁን አለች። ከትኬቱ ዋጋ ውጭ ቤሳ አልተቀበለችም። ለሻይ ብዬ ያስቀመጥኩላትን ቦርሳዬ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ቦሌ ላይ ሻንጣውን አስከፈቱት። ደብዳቤውን አዩ፣ ዕቃውን አዩ፣ ዘጉት። ለንደን ገብቶ "እማ፣ ሁሉም ሰላም ነው" ሲለኝ ጎረቤት እስኪሰማ እልል አልኩ።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። ሌላ አገር የምትሄዱም ብትሆኑ የየአገሩን ለየብቻ ታይላችኋለች። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው የተውኩት። በውስጥ ጠይቁኝ፣ ቢሮውን እጠቁማችኋለሁ። ብቻ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሂዱ። ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳታይ አትናገርም።