የዌልስ የሴት ልጅ ስም የሚያስመርጥ የስልክ መተግበሪያ፦ በድምፅ የታመነ፣ በታሪክ የሰነፈ

ባለቤቴ የዌልስ ተወላጅ በመሆኗ፣ በቅርቡ ለምትወለደው ልጃችን የምናወጣው ስም ዌልሳዊ እንዲሆን፣ የአባት ስም ደግሞ እንደ አገራችን ወግ የእኔው ስም እንዲሆን ተስማምተናል። ለምርጫው የተጠቀምንበት የዌልስ ስሞችን ብቻ የሰበሰበ አንድ የስልክ መተግበሪያ ሲሆን፣ እንደ እኛ ካርዲፍም ሆነ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠማቸው አንባቢዎች ካሉ ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ አስተያየቴን እጽፋለሁ። የመተግበሪያውን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ ድክመቱ በሌሎች የስም መምረጫዎችም ላይ የሚታይ ስለሆነ፣ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከሁሉ በፊት የሚመሰገነው በድምፅ አቀራረቡ ነው። የዌልስኛ አጻጻፍ እንግሊዝኛ ለለመደ ዓይን አሳሳች ቢሆንም፣ በራሱ ሕግ የሚመራና ወጥ ነው። አንድ «ኤፍ» የ«ቭ»ን ድምፅ ሲይዝ ሁለት «ኤፍ» ተደርበው «ፍ» ይሆናሉ፤ ስለዚህም ኤቫ የሚለው ስም በአንድ፣ ፊዮን የሚለው በሁለት ይጻፋል። መተግበሪያው እያንዳንዱን ስም አንዴ በሰሜን ዌልስ፣ አንዴ በደቡብ ዌልስ ተናጋሪ አስነብቦ ያሰማል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኤሊኔድ በሚለው ስም ውስጥ «ዩ» የተባለው ፊደል በደቡብ እንደ «ኢ» ሲነበብ፣ በሰሜን ግን ለእኛ ሳድስ፣ ለ«እ»፣ በጣም የቀረበ ድምፅ አለው፤ እንግሊዞች የሚቸገሩበትን ይህን ድምፅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ ልምምድ ያወጣዋል። በሊኖስ መነሻ ላይ ያለው ድርብ «ኤል» ግን የእኛም ምላስ የማያውቀው ነው፤ ምላስን «ል» ለማለት በሚያርፍበት ቦታ አስቀምጦ፣ ጉሮሮን ሳያሰሙ ትንፋሽን በምላስ ጎን ማውጣት ይጠይቃል፤ መተግበሪያው ይህን በዝግታ ደጋግሞ ማሰማቱ ትልቅ ውለታ ነው። በካርማርተንሻየር ተወልደው ያደጉት አማቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ደግነው የአንሃራድን ንባብ ካዳመጡ በኋላ፣ በጽሑፉ ውስጥ የሚታየው «ጂ» እንደ «ግ» ሳይሰማ መቅረቱን አስተውለው፣ አንባቢዋ የአገሩ ልጅ መሆኗን መስክረውላታል።

ድክመቱ የሚጀምረው ከስሙ ሥር ያለው ማብራሪያ ሲነበብ ነው። ሴሬን «ኮከብ»፣ ኤይራ «በረዶ»፣ አላው «ዜማ» ተብለው በአንድ መስመር ቢታለፉ የሚጎድል ነገር የለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ ብራናዎች ተጠብቀው የቆዩት ማቢኖጊ የተባሉት የድሮ የዌልስ ተረቶች ያወረሷቸው ስሞች ግን በዚህ መንገድ ሊታለፉ አይገባም። ሪያኖን «ታላቅ ንግሥት» ብቻ ተብላለች፤ አዲስ የተወለደ ልጇን ገድላለች ተብላ በሐሰት የተወነጀለች፣ በቤተ መንግሥቱ በር ተቀምጣ ታሪኳን ለመጪው ሁሉ እንድትናገርና እንግዳን በጀርባዋ እንድትሸከም የተፈረደባት፣ በመጨረሻም ልጇ ተገኝቶ ነፃ የወጣች መሆኗ አልተነገረም። ብራንዌን ለአየርላንድ ንጉሥ ተድራ ወጥ ቤት የተጣለች፣ አንዲት ወፍ አልምዳ ለወንድሟ መልእክት የላከች፣ በእሷ ምክንያት በተነሣው ጦርነት ልቧ ተሰብሮ የሞተች ናት። ከሁሉ የከፋው የብሎዳይዌዝ ነው፤ ማብራሪያው «የአበባ ፊት» ብሎ ያቆማል፤ ጠንቋዮች ከኦክ ዛፍና ከሌሎች ተክሎች አበቦች የሠሯት ይህች ሴት በባሏ ላይ ሞት አሲራ ጉጉት ተደርጋ የተቀጣች መሆኗን የማያውቅ ወላጅ ስሙን በደስታ ሊመርጥ ይችላል። እኔ ለልጄ አላወጣውም፤ ባለቤቴ በበኩሏ ብሎዳይዌዝ ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተዳረች ሴት በመሆኗ ፍርዱ ይበዛባታል ባይ ናት። እንዲህ ዓይነቱን ክርክር መቀስቀስ የነበረበት መተግበሪያው ነበር፤ እኛ ግን ታሪኩን የሰማነው ከአማቴ ነው።

የግዌንሊያን ጉዳይም ያስቆጫል። በ1136 በኪድዌሊ አቅራቢያ ጦር መርታ እንግሊዝን ከያዙት ኖርማኖች ጋር ስትዋጋ የወደቀችው የዌልሱ ንጉሥ የግሪፊዝ ልጅ፣ እንዲሁም በ1282 ተወልዳ በዚያው ዓመት አባቷን ልዑል ሊዌሊንን ያጣችው፣ በጨቅላነቷ ወደ እንግሊዝ ተወስዳ በሴምፕሪንግሃም ገዳም እስከ 1337 ድረስ ኖራ ያረፈችው ሁለተኛዋ ግዌንሊያን አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈላቸውም። ለእቴጌ ጣይቱ አገር ሰው፣ ጦር የመራች ሴት ስም ከየትኛውም ትርጉም በላይ ይመዝናል።

ሌሎቹን ስሕተቶች ባጭሩ ላንሣ። ብሮንዊን ያለ ምንም ማሳሰቢያ ከሴት ስሞች መካከል ገብቷል፤ በዌልስኛ ሰዋስው «ዌን» የሴት፣ «ዊን» የወንድ መድረሻ በመሆኑ ትክክለኛው ብሮንዌን ነው። ሺቮን የአየርላንድ ስም ሆኖ ሳለ፣ የዌልስ አቻው ሻን እያለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ተሰግስጓል። ሊኖስ ደግሞ ከሊሊና ከላውሪ መካከል ተቀምጧል፤ በዌልስ የፊደል ተራ ድርብ «ኤል» ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ ቦታው ከላውሪ በኋላ ነበር።

ስሙ ከቤተሰብ ስም ጋር እንዴት እንደሚሰማ መሞከሪያ የሚሆን ሳጥንም አለ። እኔ የራሴን ስም አስገባሁበት፤ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የሚገርመው ግን፣ ዌልሶች ራሳቸው ለዘመናት እንደ እኛ በአባት ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ወንዱ «አፕ»፣ ሴቷ «ቬርኽ» የሚል ቃል ከአባቷ ስም በፊት ታስገባ እንደነበር፣ ፓወልና ፕራይስ የሚባሉት የዛሬ የቤተሰብ ስሞችም «አፕ ሃወል» እና «አፕ ሪስ» ከሚሉት የመጡ መሆናቸውን መተግበሪያው የትም አይጠቅስም። ዛሬም ወደዚህ ወግ የተመለሱ ዌልሳውያን አሉ፤ ለሐበሻ ወላጅ ከዚህ የቀረበ መገናኛ አይገኝም ነበር።

ባልና ሚስት በየስልካቸው መርጠው የሚጋሩትን ስም ብቻ ነጥሎ የሚያሳየው አገልግሎት ጥሩ ነው። ለእኛ ማሪ፣ ኤቫና ግዌንሊያን ቀርተውልናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለማርያምና ለሔዋን የቀረቡ በመሆናቸው አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በስልክ ሳትቸገር ጠርታቸዋለች። ልደት በ42 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበትና በዌልስ ምዝገባው በዌልስኛና በእንግሊዝኛ ሊደረግ እንደሚችል ግን ከዚህ አይገኝም። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ሦስቱም ለድምፁ ነው። ንባቡ በነፃው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለሚሰማ፣ «ጥልቅ ትርጉም» ለተባለው ክፍል ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።