ከዚያ ሁሉ ጭንቀት ላወጣችን የላብራቶሪ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያን ለማመስገን ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ እሷም አልፈለገችም። ሥራዋን ግን ሰው ይወቅልኝ።

ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ትኩሳትና የጉሮሮ ህመም ሲጀምረው ቶንሲል መሰለን። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታም ቶንሲል ነው ብለው አሞክሲሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ መላ ሰውነቱ ቀይ ሽፍታ በሽፍታ ሆነ። አንገቱ ላይ እስከ ማጅራቱ ድረስ ንፍፊት ወጣበት። ድካሙማ አይነሳ! ከአልጋው ተነስቶ ፊቱን መታጠብ እንኳ ከበደው።

ሌላ ቦታ ደሙ ተመረመረ። ነጭ የደም ሴሉ ጨምሯል፤ ከግማሽ በላዩ ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ነው። ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕላትሌቱም ትንሽ ወረድ ብሏል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ዓይኔ የደም ካንሰር የሚለው ላይ ቀረ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ግን የማሽኑን ቁጥር ብቻ አይታ አላሳለፈችም። ደሙን ስላይድ ላይ ቀብታ፣ ቀለም ሰጥታ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠች። በኋላ እኔንም ጠራችኝ። «ነይ፣ አንቺም እዪው።» ሊምፎሳይቶቹ ተልቀዋል። ዙሪያቸው ሰማያዊ ነው፤ ጠርዛቸው ጠቆር ይላል። አጠገባቸው ያሉትን ቀይ ሴሎች አቅፈዋቸዋል። «አንዱ ከሌላው እንደማይመሳሰል አየሽ? የካንሰር ሴሎች ብዙውን ጊዜ አንድ መልክ ነው ያላቸው። እነዚህ ቫይረስ ሊዋጉ የወጡ ናቸው» አለችኝ። ያየችውን ጽፋ ለሐኪሙ ላከች። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ታዘዘ፤ ኢንፌክሽየስ ሞኖኑክሊዮሲስ ሆኖ ተገኘ።

መንስኤው ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ ነው። በምራቅ ይተላለፋል፤ ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። አሞክሲሲሊን ደግሞ በዚህ በሽታ ላይ ሲወሰድ ሽፍታ ማምጣቱ የታወቀ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቆመው። ጣፊያው አብጦ ስለነበር ኳስ ቢያንስ ለአንድ ወር ተከለከለ፤ ያበጠ ጣፊያ በምት ሊፈነዳ ይችላል።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። የደም ውጤታችሁ ላይ ሊምፎሳይት በዝቶ ከመጣ፣ «ስላይዱን ሰው በማይክሮስኮፕ አይቶታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደ እሷ ዓይነት ባለሙያ ያለበት ላብራቶሪ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

እህቴ፣ ያቺን ስላይድ ቁጭ ብለሽ ስላየሽልን እግዜር ይስጥልን። ወንድሜ ድካሙ ገና አልለቀቀውም፤ ትናንት ግን ራሱ ተነስቶ በር ከፈተልኝ።