የሆቴል ዲሽ፦ ለየክፍሉ ሪሲቨር ይሻላል ወይስ አንድ ማዕከል?

ከአዲስ አበባ ርቆ ሆቴል ወይም ፔንሲዮን የሚከፍት ሰው ስለ ዲሽ የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ቴሌቪዥኖቹ ተገዝተው ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ በኋላ ዲሽ ሠራተኛ ይጠራል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ የረከሰውን ይመርጣል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህን ሥርጭት ለእንግዶቼ ማሳየት ይፈቀድልኛል ወይ?» የሚለው ነው። ስለ ገመድና ስለ ሪሲቨር የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው። የዕቃው ዋጋ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። ያለፈቃድ የሚታይ ሥርጭት ግን መቼ እንደሚቋረጥ አይታወቅም። ትልቅ ጨዋታ ባለበት ምሽት ከተቋረጠ ደግሞ እንግዳው የሚጨቃጨቀው ከእርስዎ ጋር ነው።

ስለዚህ ንጽጽሩን በሁለት እከፍለዋለሁ። ሲግናሉ ከየት ይምጣ? ከመጣ በኋላስ ወደ ክፍሎቹ እንዴት ይሂድ?

ሲግናሉ ከየት ይምጣ?

ለአብዛኛው ሆቴል መነሻው ኢትዮሳት ነው። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበርና ኤስኢኤስ የተባለው የሳተላይት ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. ያስጀመሩት፣ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን በአንድ ላይ የያዘ የሳተላይት ሥርጭት ነው። የሚሰራጨው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ነው። ከዚያ በፊት የአገራችንን ጣቢያዎች ለማየት ብዙው ሰው ዲሹን ወደ ናይልሳት ያዞር ነበር። ኢትዮሳት ወርኃዊ ክፍያም ካርድም የለውም፤ ዜናውም ድራማውም የሃይማኖት ፕሮግራሙም በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ይገኛል።

ሁለተኛው ናይልሳት ነው፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ። ዐረብኛ ለሚሰማ እንግዳ፣ ለፊልምና ለልጆች ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ጣቢያም በነጻ ይታያል። ችግሩ አቅጣጫው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኢትዮሳት በምሥራቅ በኩል፣ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ናይልሳት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በምዕራብ በኩል፣ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ። ዝቅ ስለሚል ጎረቤት የተሠራ ፎቅ ወይም ያደገ ባሕር ዛፍ ሊጋርደው ይችላል። ሲግናሉም በዝናብ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ስለሚረዝም ክረምት ላይ ቀድሞ የሚቆራረጠው እሱ ነው። በዚያ ላይ ሳተላይቱ በዋናነት ያነጣጠረው ሰሜን አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ነው፤ ወደ ደቡባችን በሄዱ ቁጥር ሰፋ ያለ ዲሽ ያስፈልጋል። አንድ ዲሽ ሁለቱንም ይይዝልኛል ብለው እንዳያስቡ። ሁለት ዲሽ ነው የሚተከለው።

ሦስተኛው በክፍያ የሚታየው ዲኤስቲቪ ነው። ሳተላይቱ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ከእኛ አገር ሲታይ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ 79 ዲግሪ ያህል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚፈልግ እንግዳ የሚጠይቅዎት ይህንን ነው። የፈቃዱ ጉዳይ ጎልቶ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

የቤት ካርድ ለሆቴል አይሆንም

ብዙ ቦታ የሚደረገው ይታወቃል። በአንድ ግለሰብ ስም የቤት ውል ይፈረማል፣ ዲኮደሩ እንግዳ መቀበያው ጋ ይቀመጣል፣ ከዚያ በስፕሊተር ለሁሉም ክፍል ይከፋፈላል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን የቤት ውል ለቤተሰብ መመልከቻ ብቻ የተሰጠ ነው። ለሆቴልና ለመጠጥ ቤት ኩባንያው ራሱን የቻለ የንግድ ውል አለው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ አልክድም። ያም ሆኖ በሕግ የሚያቆመው እሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለብሮድካስት ድርጅቶች ሥርጭታቸውን መልሶ ማሰራጨትንና ለሕዝብ ማስተላለፍን የመፍቀድ ወይም የመከልከል መብት ይሰጣል። ዲሹም ገመዱም የእርስዎ ሊሆን ይችላል። በገመዱ የሚያልፈው ፕሮግራም ግን ባለቤት አለው።

ገመዱን ከግቢዎ አውጥቶ ለጎረቤት ሱቆችና ቤቶች በወር ክፍያ ማከፋፈል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሆቴል መሆንዎ ቀርቶ አሰራጭ ሆነዋል። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት የብሮድካስት አገልግሎት ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ሐሳቡ ካለዎት ገመድ ከመግዛትዎ በፊት እዚያ ሄደው ይጠይቁ። ትንሽ ከተማ ነው፣ ማን ያየኛል የሚባልበት ነገር አይደለም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ከከተማ የራቁ ሰፈሮች ብዙ ጣቢያ አያገኙም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በእነዚህ ቦታዎች ሰዎች ያለፈቃድ ትልልቅ ዲሽ እየተከሉ የአሜሪካ ጣቢያዎችን መጥለፍ ጀመሩ። የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዲሹን ሁሉ በመንቀል ብቻ ነገሩን ሊፈታው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ካንኮም ለተባለ ድርጅት ፈቃድ ሰጠ። ድርጅቱ የቫንኩቨር፣ የኤድመንተን፣ የሃሚልተንና የሞንትሪያል ጣቢያዎችን በአኒክ ሳተላይት ለርቀው ላሉ የኬብል አከፋፋዮች ማድረስ ጀመረ። በ1983 ደግሞ የአሜሪካዎቹ ኔትወርኮች እንዲጨመሩ ተፈቀደ። የትንሽ ከተማው ኬብል አከፋፋይ ሲግናሉን ሲገዛ የማከፋፈል ፈቃዱንም አብሮ አገኘ ማለት ነው። ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር አለ፦ ሩቅ ቦታ ያለ ሰው በሕጋዊ መንገድ የሚገዛው ነገር ሲቀርብለት ይገዛል። የንግድ ውል የሚሸጡ ኩባንያዎችም በክፍለ ሀገር ላለ ባለ 12 ክፍል ፔንሲዮን የሚመጥን ዋጋ ማቅረብ አለባቸው። አሁን ብዙው ባለቤት ዋጋውን ሰምቶ ነው የሚሸሸው።

ለየክፍሉ ሪሲቨር

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። የመጀመሪያው መንገድ ከዲሹ በቀጥታ ወደየክፍሉ ገመድ መሳብና እያንዳንዱ ቴሌቪዥን ሥር ሪሲቨር ማስቀመጥ ነው። እንግዳው ያሻውን ጣቢያ ይቀያይራል። አንዱ ሪሲቨር ቢበላሽ የሚቸገረው አንድ ክፍል ነው። ክፍሎችዎ ከአሥር የማይበልጡ ከሆነ ይህን መንገድ እመርጣለሁ።

የሚበላሸው በስፕሊተር ሲሠራ ነው። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ለምትገጠመው ሲግናል ተቀባይ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ ኤልኤንቢውም እንደ ቮልቱ ቁሙን ወይም አግድሙን ሞገድ ይሰጣል። ሁለት ክፍሎች በአንድ ስፕሊተር ከተገናኙና አንዱ እንግዳ 13፣ ሌላው 18 የሚፈልግ ጣቢያ ከከፈቱ የአንደኛው ቴሌቪዥን «ሲግናል የለም» ይላል። እንግዳው ይደውላል፣ ሠራተኛው ይመጣል፣ እሱ እስኪደርስ ጎረቤቱ ጣቢያ ቀይሮ ተስተካክሏል። ጥፋቱ ሳይገኝ ወራት ያልፋሉ። መፍትሔው መልቲስዊች ነው። ከስፕሊተር ይወደዳል፣ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል የሚፈልገውን ሞገድ ለብቻው ይሰጣል። ሠራተኛው «ስፕሊተር ይበቃል» ካለዎት ሌላ ሠራተኛ ይፈልጉ።

ሌላው ርቀት ነው። ከኤልኤንቢ የሚወርደው ሲግናል እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ስለሚደርስ በገመድ ውስጥ ቶሎ ይደክማል። ከ40 ወይም 50 ሜትር በላይ የሚሄድ መስመር ካለ ጥሩ ገመድና ማጉያ ያስፈልጋል። ሪሞት መጥፋቱንና እንግዳ የጣቢያውን ዝርዝር ማበላሸቱን ሆቴል ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ማዕከል

ሁለተኛው መንገድ ሲግናሉን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀብሎ፣ አዘጋጅቶ፣ በአንድ መስመር ለሁሉም መላክ ነው። ባለሙያዎቹ ሄድኤንድ ይሉታል። ክፍል ውስጥ ሪሲቨር የለም፤ ገመዱ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ የአንቴና ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የሚሠራበት ሞገድ ዝቅ ያለ፣ ከ862 ሜጋኸርዝ በታች ስለሆነ ሩቅ ይደርሳል። ሁለት ሦስት ብሎክ ላለው ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አሮጌው አናሎግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሪሲቨርና አንድ ሞዱሌተር (ከሪሲቨሩ የወጣውን ሥዕል ቴሌቪዥኑ በአንቴና ቀዳዳ ወደሚቀበለው ሞገድ የሚቀይር መሣሪያ) ይፈልጋል። ስምንት ጣቢያ ማለት ስምንት ሪሲቨር ማለት ነው። ሥዕሉም ዛሬ በተለመደው ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ደብዛዛ ነው። ዛሬ አዲስ ለሚገዛ ሰው አልመክረውም። ሁለተኛው ትራንስሞዱሌተር ነው። ከሳተላይቱ አንድ ትራንስፖንደር (ብዙ ጣቢያ በአንድ ላይ የሚያስተላልፍ የሳተላይቱ ክፍል) ላይ ያሉትን ጣቢያዎች በጅምላ ተቀብሎ ቴሌቪዥኑ በራሱ ወደሚያነበው ዲቪቢ ቲ2 ወደተባለው የዲጂታል አንቴና ሥርጭት ዓይነት ይቀይራቸዋል። የኢትዮሳት ጣቢያዎች በጥቂት ትራንስፖንደሮች ላይ ስለተሰባሰቡ በጥቂት ሞዱል ብዙ ጣቢያ ያገኛሉ። ቴሌቪዥን ሲገዙ ግን ቲ2 መቀበሉን ያረጋግጡ። ካልተቀበለ ለየክፍሉ ሌላ ሳጥን ሊገዙ ነው፣ ያኔ የማዕከሉ ጥቅም ግማሹ ጠፋ።

ዲኤስቲቪን በማዕከል ማሳየት ለሚፈልግ የንግድ ውሉ ከተፈረመ በኋላም አንድ ዲኮደር የሚያወጣው አንድ ጣቢያ ነው። አራት ጣቢያ ከፈለጉ አራት ዲኮደር ነው። እንደ እኔ ለመካከለኛ ሆቴል የሚያዋጣው ለክፍሎቹ ኢትዮሳትን በማዕከል መስጠትና የክፍያውን ጣቢያ በንግድ ውል ሬስቶራንቱ ውስጥ ብቻ ማሳየት ነው። ኳስ የሚያይ እንግዳ ብቻውን ከማየት ከሰው ጋር ማየትን ይመርጣል፣ ሬስቶራንቱም ይሸጣል።

የማዕከል ድካሙ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንድ መሣሪያ በነበረበት አይቀጥልም፤ ጠፍቶ ሪሞት ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሃያ ክፍል በአንድ ላይ ጨለማ ስክሪን ያያል። ሱቅ ውስጥ እያሉ ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ይሰኩት። በራሱ ተነሥቶ ወደነበረበት ጣቢያ ካልተመለሰ አይግዙት። ስታብላይዘርና ትንሽ ዩፒኤስ ደግሞ የግድ ናቸው፤ ቮልቴጁ በሚዋዥቅበት ከተማ ይህንን ወጪ መቀነስ ማዕከሉን ማቃጠል ነው። ዲሹንም 90 ሳንቲ ሜትር ይበቃል ቢባሉ ለማዕከል 1.2 ሜትር ይትከሉ፤ ሁሉም ክፍል የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

ሦስተኛ አማራጭ አይፒቲቪ አለ። በኔትወርክ ገመድ የሚሄድ ነው። ሕንፃው ገና እየተሠራ ከሆነና ለኢንተርኔት ተብሎ ወደየክፍሉ ኔትወርክ የሚዘረጋ ከሆነ ይታሰብበት። በተሠራ ሕንፃ ላይ ግን ወጪው ይከብዳል፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰውም በቅርብ አይገኝም።

ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ደግሞ አንድ ቃል። በየበረንዳው የተደረደረውን ዲሽ በአንድ ጣሪያ ላይ በሚተከል ዲሽና በመልቲስዊች መተካት ይቻላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሪሲቨርና፣ ከፈለገ፣ የራሱን ካርድ ይይዛል። የክፍያ ጣቢያ አንዱ ከፍሎ ለሌላው የማከፋፈል ነገር ስለሌለበት ከፈቃድ አንጻርም ንጹሕ ነው።

ሲረከቡ

ገንዘቡን ሙሉ ለሙሉ አይክፈሉ። የመጨረሻውን ክፍያ ዝናብ እስኪዘንብ ቢያቆዩት ይሻላል። ሲረከቡ ከማዕከሉ በጣም የሚርቀውን ክፍል ይምረጡና የሲግናል ጥራቱን እዚያ ይዩ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥተው የገመዱን ጫፎች ይመልከቱ። በእጅ የተጠመዘዘ ማያያዣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ካዩ በአንድ ክረምት ውኃ ገብቶበት ይዝጋል፤ በመሣሪያ የሚጨመቀውን ዓይነት ያስገጥሙ። የትኛው ገመድ ወደየትኛው ክፍል እንደሚሄድ የሚያሳይ ሥዕል ይጠይቁና መሣሪያው ያለበት ሳጥን ውስጥ ይለጥፉት። የንግድ ውል ከፈረሙም ቅጂውን እዚያው ያስቀምጡ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው እሱን ነው።