የልጃችንን አመጋገብ ለተከታተለችው ነርስ የቀረበ ምስጋና

ልጃችን በ30ኛው የእርግዝና ሳምንት፣ ክብደቷ ከ1500 ግራም በታች ሆኖ ተወልዳ በጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል በተኛችበት ጊዜ አመጋገቧን የተከታተለችውን ነርስ በይፋ ለማመስገን ይህን ጽፌአለሁ። ስሟ እንዲነሳ ስላልፈለገች የምገልጸው ሥራዋን ብቻ ነው።

መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ መቀናጀት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ከ32 እስከ 34 ባሉት ሳምንታት በመሆኑ፣ ከዚያ ቀድመው የሚወለዱ ሕፃናት ወተት ወደ ሳንባቸው እንዳይገባ በአፍንጫ ወይም በአፍ በኩል ጨጓራ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይመገባሉ። ይህቺ ነርስ ቱቦውን ከማስገባቷ በፊት ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ፣ ከዚያም በደረት አጥንት ጫፍና በእምብርት መካከል እስካለው ቦታ ለክታ ምልክት ታደርግበታለች፤ ወተት ከመስጠቷ በፊትም ቱቦው ጨጓራ ውስጥ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ፈሳሽ በቱቦው ስባ አሲድነቱን በመፈተሻ ወረቀት ታረጋግጣለች። ክፍሉ ምንም ያህል ቢጨናነቅ ይህን ስትዘል አላየሁም። ወተቱንም በሲሪንጅ ገፍታ አታስገባም፤ መግፊያውን አውጥታ፣ ሲሪንጁን ከፍ አድርጋ ይዛ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ እንዲወርድ ትጠብቃለች። ቆሞ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው፤ ሕፃኗ ግን ሆዷ ሳይነፋና ሳያስመልሳት ትመገባለች።

ለእኔ የዋለችልኝ ውለታ ከዚህም ይበልጣል። በወለድኩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጡቴን በእጄ ማለብ አስተማረችኝ፤ የወጣው እንገር ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢሆንም ሳታባክን የልጄን የጉንጭ ውስጥ ቀባችላት። ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ ካልታለበ ወተቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ የእናት ወተትም እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ከሚያሰጋው ከባድ የአንጀት ሕመም የመጠበቅ አቅም እንዳለው ያስረዳችኝ በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት ነበር። ኋላም ልጄ በቱቦ እየተመገበች ገላዋን ከገላዬ አጣብቃ፣ አስቀድሞ የታለበውን ጡት እንድትልስና እንድትለማመድ ታደርግ ነበር፤ ጡት መጥባት ስትጀምር ብዙም ያልተቸገርነው በዚህ ይመስለኛል።

ለክፍሉ ኃላፊዎች ምስጋናዬን በጽሁፍ አቅርቤአለሁ። ልጃችሁ እንዲህ ባለ ክፍል የተኛባችሁ ወላጆች ደግሞ ጡት ማለብንና የቱቦ አመጋገብን የምታስተምር ነርስ ማን እንደሆነች በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ የወተቱ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ ሕፃኑ እስኪጠነክር መጠበቅ አይገባም።